የአባቴ ምላጭ ለግድግዳ አልተሠራም

ከአባታችን ዕቃዎች መካከል የሚታጠፈው የጢም ምላጭ በመስተዋት ሳጥን ተደርጎ ሳሎን እንዲሰቀል ታላቅ ወንድሜ ወስኗል። "ቅርስ ነውና እንዳይነካ!" ባይ ነው። እኔ በበኩሌ በየሁለት ቀኑ ጢሜን እላጭበታለሁ። በዚሁ ሰበብ ከተኳረፍን ሁለት ፋሲካ አልፏል። ነገሩ የአንድ ቤት ጠብ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንባቢን ጊዜ ባልተሻማሁ ነበር። ዳሩ ግን ወንድሜ ብቻውን አይደለም፤ አገር ሙሉ አምሳያ አለው።

በቅድሚያ ምላጩን ላስተዋውቅ። የብረቱ አንገት ላይ "ዞሊንገን" የሚል ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ዞሊንገን በስለት ሥራ ስሟ የገነነ የጀርመን ከተማ ናት፤ ሌላ ቦታ የተሠራ ስለት በስሟ እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ1938 ሕግ ወጥቶላታል። ምላጩን አባቴ ከአያቴ ወረሱት። እሳቸው ግን ለማን እንደሚተዉት ሳይናገሩ አረፉ።

እንደ ወጉ ጢሜን አሳደግኩ። አርባቸው ወጥቶ ልላጭ ስነሳ እጄ የሄደው ወደዚሁ ምላጭ ነበር። መስተዋት ፊት ቆሜ አንድ ጊዜ ብስበው ከጆሮዬ ሥር የፈሰሰው ደም የሸሚዜን ኮሌታ አራሰው። ከቁስሉ ይልቅ ያመመኝ ሌላ ነገር ነው። ልጅነቴን ሙሉ አባቴ ሲላጩ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ፤ "አባባ፣ እንዴት ነው የሚይዙት?" ብዬ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኳቸውም። ብረቱን ወርሼ እጃቸውን ሳልወርስ ቀረሁ።

የታደጉኝ የሰፈራችን አዛውንት ጸጉር አስተካካይ ናቸው። "አትጫነው ልጄ፣ ስለቱ ሥራውን ያውቃል" አሉኝ። ጢሙ በሙቅ ውሃ እንዲለሰልስ፣ ቆዳው በሌላው እጅ እንዲወጠር፣ ምላጩ 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ በጢሙ አበቃቀል አቅጣጫ እንዲሄድ አሳዩኝ። ከመላጨት በፊት ምላጩ ጠፍር ላይ የሚሳበው ጀርባውን አስቀድሞ ነው፤ በስለቱ በኩል ከተገፋ ጠፍሩን ይቆርጣል፣ ራሱም ይደንዛል። ከተላጩበት በኋላ ታጥቦ ካልደረቀ ይዝጋል። ይህን ሁሉ ለመልመድ ሦስት ወር ፈጀብኝ። ለመሆኑ ይህ ዕውቀት በየትኛው የመስተዋት ሳጥን ይሰቀላል?

እስቲ ሆቴሎቻችንን ተመልከቱ። አውታሩ የላላ በገና ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ስንቱ እንግዳ ሥሩ ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሳል! እንጀራ ገብቶበት የማያውቅ መሶብ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ይህንን "ቅርስ መጠበቅ" እንለዋለን። እኔ ግን አስከሬን ማድረቅ እለዋለሁ። በገና የሚጠበቀው በደርዳሪው ጣት ነው፤ ጣቱ የጠፋ ዕለት የሚቀረው እንጨትና ጅማት ነው። የምላጭም ነገር እንዲሁ ነው።

"ኤድስን ረሳኸው ወይ?" የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አልረሳሁም። የእኔ ትውልድ ስለታም ነገሮችን በጋራ እንዳይጠቀም የሚያስጠነቅቅ ፖስተር እያነበበ ያደገ ነው፤ ምክሩ ዛሬም ትክክል ነው። ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። በዚያ የሐዘን ሰሞን ምላጩን ሳላጸዳ ማንሳቴም ጥፋት ነበር፤ ለማንም አልመክርም። ስለዚህ ምላጬን ለሰው አላውስም። መውረስ ሌላ፣ መጋራት ሌላ።

"ጊዜ የለንም" የሚሉም አሉ። ለእነሱ ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1903 ስለቱ የሚጣል መላጫ ለገበያ አቅርቦላቸዋል። በዚያ ቢላጩ አልቀየምም፤ እነሱስ ቢያንስ ይላጫሉ! ቅሬታዬ የሚሠራን ዕቃ ከነነፍሱ በሚገንዙት ላይ ነው። "ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ" ይላል ያገሬ ሰው። ቅርስ ጠባቂው ራሱ ቅርሱን ሲገድል ለማን አቤት ይባላል?

ሳጥኑ ተሠርቶ አልቋል ሲሉ ሰምቻለሁ። እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፣ የአባባን ፎቶግራፍ ስቀልበት፤ ያምርበታል። ምላጩን ግን አልሰጥህም፤ በጋራ አይሆንም ብያለሁና እንድትላጭበትም አላውስህም። የራስህን ግዛና ቅዳሜ ማለዳ ብቅ በል። እጁን ላስተምርህ ዝግጁ ነኝ።