ሼር ከማድረጋችን በፊት

«ሼር አድርጉ፣ አጅር ታገኛላችሁ» የሚል መልእክት ያልደረሰው የጀመዓችን አባል ያለ አይመስለኝም። ይህችን ቃል ከእንግሊዝኛ ወስደን የማናውላት ቦታ የለም። ዶርም ሼር እናደርጋለን፤ ሳምቡሳ፣ ሃንድአውት፣ ሐዲስም ሼር እናደርጋለን።

የቃሏ ጥንታዊ ሥር መቁረጥና መክፈል ነው። በዚህ ትርጉሟ ሼር ያደረገ ሰው ከራሱ ይጎድልበታል። ለኢፍጣር ሦስት ተምር ይዞ አንዷን ለጎኑ ሰው የሰጠ ሁለት ትቀረዋለች። እኛ ኢንጂነሪንግ ክፍል ስንማርም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ምሰሶዎች ጭነት ሼር ካደረጉ የእያንዳንዱ ሸክም ይቀላል። ቴሌግራም ላይ ግን ከላኪው ምንም አይጎድልም። ምንም ስለማያስከፍለን ጣታችን ይፈጥናል።

አማርኛችን እነዚህን ሁሉ በአንድ ቃል አይጠራቸውም። ምግብ እናካፍላለን፣ ክፍል እንጋራለን፣ ወሬ እናዛምታለን፣ አደራ እናደርሳለን። ሐዲስ በእኔ እምነት ከመጨረሻው ነው። ሼር ስንለው ግን ከሳምቡሳው ጋር ተደባለቀ።

መድረሳ የቀራ ሰው ሐዲስ ከነሰነዱ እንደሚተላለፍ ያውቃል፤ ማን ከማን ሰማ? ኢማም ሙስሊም የሰሙትን ሁሉ ከማውራት የሚከለክሉ ዘገባዎችን በሶሒሓቸው መቅድም ላይ አስፍረዋል። ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽም ፋሲቅ ወሬ ይዞ ሲመጣ ማጣራትን ያዛል። የእኛ ግሩፕ ላይ ግን የሐዲሱ ሰነድ «ፎርዋርድድ ፍሮም» እና የአንድ ቻናል ስም ነው።

«ኸይር ነገር እስከሆነ ምን ይጎዳል?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያላሉትን «ብለዋል» ማለት፣ መልእክቱ ወደ ሶላት ቢጠራ እንኳ፣ ኸይር አይሆንም። «ለ10 ሰው ካልላክህ መጥፎ ነገር ይደርስብሃል» የሚለውማ ግልጽ ማስፈራሪያ ነው። (ሼርን ከሸር የምትለየው አንዲት ቀለበት ብቻ መሆኗን ልብ በሉ!)

ስለዚህ አድሚኖቻችን ኪታቡና የሐዲሱ ደረጃ ያልተጻፈበትን መልእክት ቢያነሱት እላለሁ። ላኪውን ግን ሰው ፊት አታሳፍሩት፤ በኢንቦክስ ምንጩን ጠይቁት። ካገኘው መልሶ ይለጥፈው። ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች እጁ ላይ ያሉ ሰው ካለ ደግሞ ሰነድ አንጠይቀውም፤ ዛሬውኑ ሼር ያድርግ።