ጦርነቱ አበቃ ሲባል ያልተከፈተው እስር ቤት

አሜሪካ በጉዋንታናሞ ሰዎችን ያለ ክስ የምታስረው በጦርነት ሕግ መሠረት ነው ይባላል። የተማረከ ጠላት ወደ ውጊያ እንዳይመለስ ጦርነቱ እስኪያበቃ ይያዛል፤ መቼ እንዳበቃ የሚወስኑት ደግሞ ፕሬዚዳንቱና ኮንግረሱ እንጂ ዳኞች አይደሉም። ይህ አስተሳሰብ በችሎት ሥር ሰዷል። የሚያስቆጣው ግን አስተሳሰቡን ያመጣው መንግሥት ራሱ የማያከብረው መሆኑ ነው።

የሥልጣኑ ምንጭ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 18 ቀን 2001 የተፈረመው ወታደራዊ ኃይል የመጠቀም ፈቃድ ነው። በሴኔት 98 ለ 0፣ በተወካዮች ምክር ቤት 420 ለ 1 ጸድቋል፤ ብቸኛዋ ተቃዋሚ ባርባራ ሊ ነበሩ። በፈቃዱ ውስጥ ስለ እስር አንድም ቃል አልሰፈረም፤ ማብቂያ ቀንም አልተቆረጠለትም። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2004 ሃምዲ በተባለ እስረኛ ጉዳይ ላይ መዋጋት የተፈቀደለት ማሰርም ይችላል ብሎ ተረጎመው። የአራት ዳኞችን አስተያየት የጻፉት ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ግን፣ ግጭቱ የጦርነት ሕግ ከተቀረጸባቸው ጦርነቶች ፈጽሞ የተለየ ሆኖ ከተገኘ ትርጓሜው ሊፈርስ እንደሚችል አስጠንቅቀው ነበር። ተከታዮቹ ችሎቶች ፈቃዱን ወሰዱ፤ ማስጠንቀቂያውን ተዉት። በ2010 የዋሺንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አል ቢሃኒ በተባለ እስረኛ ጉዳይ ላይ፣ የጦርነት ማብቂያ የፖለቲካ ውሳኔ ስለሆነ የአስፈጻሚውን አካል አስተያየት እንደሚቀበል ገለጸ።

መርሁ ይህ ከሆነ ፕሬዚዳንቱ አበቃ ሲሉ ማብቃት ነበረበት። ባራክ ኦባማ በጃንዋሪ 2015 ለኮንግረስ ባሰሙት ዓመታዊ ንግግር በአፍጋኒስታን የነበረው የውጊያ ተልእኮ ማብቃቱን አስታወቁ። በታሊባን አባልነት የተያዘ አንድ የመናዊ ይህንኑ ቃል ይዞ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ አቀረበ። የመንግሥት ነገረ ፈጆች የራሳቸው አለቃ ንግግር ውጊያው ቆሟል ማለት አይደለም ብለው ተከራከሩ። ዳኛ ሮይስ ላምበርዝም በጁላይ 2015 በመሬት ላይ ውጊያው እንደቀጠለ ነው፣ የፕሬዚዳንቱ ንግግር ብቻውን አይወስንም ሲሉ አቤቱታውን ውድቅ አደረጉ።

ዳኛው መሬት ላይ ያለውን ለማየት መሞከራቸው ትክክል ነበር። ነገር ግን አስፈጻሚው ጦርነቱ አለ ሲል ፍርድ ቤት ቃሉን ተቀብሎ ዝም ይላል፤ አብቅቷል ሲል ግን ቃሉ ማስረጃ መሆኑ ቀርቶ ንግግር ብቻ ይሆናል። የፕሬዚዳንቱ ቃል በሩን ለመዝጋት ይበቃል፣ ለመክፈት አይበቃም። በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ይሏል ይህ ነው። ሰው ዕድሜውን በሙሉ የሚታሰርበት ሥልጣን በእንዲህ ዓይነት መርህ ላይ መቆሙ ነውር ነው።

ነውሩን የሚያከፋው፣ የጦርነት ሕግ ምርኮኛን ለማሰር ሲፈቅድ ግዴታም መጣሉ ነው። የ1949ኙ ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት በአንቀጽ 118 ውጊያው እንደቆመ የጦር ምርኮኞች ሳይዘገዩ ተለቀው ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ያዝዛል። ጆርጅ ቡሽ በፌብሯሪ 2002 የጦር ምርኮኝነትን መብት ለታሊባንም ለአልቃይዳም ነፈጉ። እስሩ ከጦርነት ሕግ ተወሰደ፤ ጥበቃው ግን ቀረ።

ጆ ባይደን ኦገስት 31 ቀን 2021 የ20 ዓመቱ የአፍጋኒስታን ጦርነት ማብቃቱን ሲናገሩም እስር ቤቱ አልተዘጋም። አሁን መከራከሪያው ከአልቃይዳ ጋር ያለው ጦርነት ቀጥሏል ወደሚለው ዞረ። ግዛት የሌለው፣ የሰላም ውል የሚፈርምለት መንግሥት የሌለው ድርጅት መቼ እንደተሸነፈ የሚናገር ማን ነው? መልሱ አሁንም አሳሪው ራሱ ነው።

ፍርድ ቤት ይህን መመርመር አይችልም የሚለው ሰበብ በዚያው ዓመት ወድቋል። ዳኛ አሚት ሜህታ በኦክቶበር 2021 የሂዝብ ኢስላሚ አባል የነበረን አፍጋናዊ እስራት ሕገ ወጥ ብለውታል፤ ድርጅቱ በ2016 ከካቡል መንግሥት ጋር ታርቆ ነበርና። ሰውየው በጁን 2022 ተለቀቀ። ሌሎቹም እስረኞች ይኸው ምርመራ በየጊዜው ይገባቸዋል፤ የማስረዳቱ ሸክምም በመንግሥት ላይ መውደቅ አለበት። ኮንግረስ ደግሞ ለ2001ዱ ፈቃድ ማብቂያ ቀን የመቁረጥ ሙሉ ሥልጣን ነበረው፤ ሁለት አሥርት ዓመታት ሲያልፉ ግን አልቆረጠም።