ያለ ጉዳይ

«ስለት ነው?» አሉን እማማ።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ባለቤቴ ትንሿን ሻንጣ፣ እኔ ደግሞ ፌስታል አንጠልጥለን ከግቢ ስንወጣ የአከራያችን እናት ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይጠብቃሉ።

«የለም እማማ፣ ስለት እንኳ አይደለም።»

«ልቅሶ ነዋ?»

«ልቅሶም አይደለም፣ እግዜር ይመስገን።»

«አሞህ ነው? ሐኪም ቤት ነው?»

«ደኅና ነኝ እማማ።»

«እና በምን ጉዳይ ነው ላሊበላ የምትሄዱት?»

ባለቤቴ ቀደመችኝ። «እንዲያው ዝም ብለን ነው። ሁለት ሌሊት አድረን እንመለሳለን።»

እማማ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አዩና «ዝም ብሎማ ሰው አገር ለቆ አይሄድም» አሉ። ከዚያ መረቁን። ምርቃቱን በአማርኛ ጀምረው በኽምጣንጋ ነው የጨረሱት። በአማርኛው በኩል «የሄዳችሁበትን ጉዳይ ያቃናላችሁ» የሚል ነበረበት።

መንገዱን ሁሉ ይቺ «ጉዳይ» የምትል ቃል አልለቀቀችኝም። እኛ ዘንድ፣ ዋግ ሰቆጣ፣ መንገድ የሚወጣው በጉዳይ ነው። ሰው ለሰርግ፣ ለልቅሶ፣ ለተዝካር፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ ለስብሰባ ይጓዛል። ለሥልጠናም ይጓዛል፤ እሱ እንኳ አበል ስላለው ነው። ባልና ሚስት ግን ልጃቸውን ለአያቷ ትተው ሁለት ሌሊት ሆቴል ሊያድሩ ነው ሲባል የሰው ፊት ይለዋወጣል። ወይ ተጣልተው ሽማግሌ አስታርቋቸዋል፣ ወይ ለሰው የማይነገር ነገር ገጥሟቸዋል።

ያለ ጉዳይ ማድረግ የጀመርነው ግን በመንገድ ሳይሆን በዕቃ ነው። ቤታችን ውስጥ የወጪ ደብተር አለ። ባለቤቴ የሒሳብ መምህርት ስለሆነች ደብተሩ በማስመሪያ የተሰመረ ነው፦ ጤፍ፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ ኪራይ፣ ዕድር፣ ዕቁብ፣ ለአባቷ የሚላክ፣ ለእናቴ የሚላክ። መጨረሻ ላይ «ልዩ ልዩ» የሚል ጠባብ ቦታ አለ። እዚያ ውስጥ ምን እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንጠያየቅም። የእሷ የዳንቴል ክር ነው። የእኔ ንብ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዳንቴሉ። ቴሌቪዥናችን ዳንቴል ለብሷል። የሶፋው ክንድ ለብሷል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ መብራት ለወራት ሲጠፋ የልብስ ቁም ሳጥን ሆኖ የከረመው ማቀዝቀዣም ለብሷል። ባለፈው ዓመት ደግሞ የውሃ ጀሪካኑ ክዳን ላይ አንዲት ክብ አበባ አየሁ፤ ዝም አልኩ። ማታ ልጅ ስትተኛ ኪሮሹን ታነሣለች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ትሠራና ትዘረጋዋለች፣ ራቅ አድርጋ ታየዋለች፣ ካልጣማት ተርትራ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። ያ ክር ሲተረተር የሚሰማት ቅሬታ የለም። እኔ ነኝ የምሳቀቀው፤ ዋጋውን ስለማውቅ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ከ57 ብር የተነሣው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100ን ሲያልፍ የዳንቴል ክርም ከዘይቱና ከሳሙናው ጋር ዘለለ። ከዚያ ወዲህ ክር ገዝታ ስትመጣ ከሽንኩርቱ ሥር ቀብራ ነው የምታስገባው።

አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዋ ቤት መጥታ ዳንቴሉን ሁሉ አገላብጣ አየችና «ውይ! ለምን አትሸጭውም?» አለቻት። ለማመስገን ነው ያለችው። ባለቤቴ ሳቅ ብላ ቡና ቀዳችላት። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ግን «ለምን እሸጠዋለሁ? ብሸጠው ሥራ ይሆናል፤ ሥራማ አለኝ» አለች። ሦስት ቀን ኪሮሹን አልነካችውም።

የእኔን ደግሞ አልደብቅም። የዋግን ነጭ ማር የማያውቅ የለም፤ ማሩን የማውቀው እኔም ንቡን አውቃለሁ ብዬ ተነሣሁ። ዛንደር ቀፎ ገዛሁ። ማጨሻ፣ ጓንት፣ የፊት መሸፈኛ ወንፊት ገዛሁ። አጎቴ ገጠር ከጭቃና ከእበት የሠራውን ቀፎ አጥኖ ዛፍ ላይ ሰቀለው፤ በሳምንቱ ንብ ገባለት። እኔ መመሪያ እያነበብኩ፣ ፍሬሙን በሴንቲ ሜትር እየለካሁ ወር ጠበቅሁ። በመጨረሻ አጎቴ አዝኖልኝ ከራሱ ከፍሎ ሰጠኝ።

በሁለተኛው ዓመት ዝናቡ ቶሎ ቆመና ቁጥቋጦው ሳያብብ ደረቀ። አበባ ከሌለ ንብ መመገብ አለበት፤ ካልሆነ ኅብረ ንቡ ቀፎውን ጥሎ ይኮበልላል። ስለዚህ በቀበሌ በኩል ስኳር መጥቷል ሲባል ከሰው ጋር ተሰለፍኩ። ሁለት ኪሎ ደረሰኝ። አንዱን ኪሎ በውሃ በጥብጬ በሰሐን ቀፎው አፍ ላይ ሳስቀምጥ ጎረቤቴ በአጥር አየኝ። አንድም ቃል አልተናገረም። በማግሥቱ ግን መሥሪያ ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቶ ነበር፦ «ለንብ ስኳር ያጠጣል አሉ!» ንቦቹም ስኳሬን ልሰው በሳምንቱ ኮበለሉ፤ እኔም እንደገና ጀመርኩ።

እስካሁን በሦስት ዓመት የቆረጥኩት ማር ሰባት ኪሎ አይሞላም። ባለቤቴ ወጪውን ደምራ ለሰባት አካፈለችና አንዱ ኪሎ ገበያ ከሚሸጠው ሦስት እጥፍ በላይ እንደፈጀ ነገረችኝ። ሒሳቡ ትክክል ነው። ሆኖም ሰው ሲጠይቀኝ «ተጨማሪ ገቢ እንዲሆነኝ ነው» እላለሁ። ውሸት ነው። እውነቱ፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ከቀፎው በስተግራ ያለች ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሲገቡ ማየት እወዳለሁ። እግራቸው ላይ ቢጫ የአበባ ዱቄት ጠቅልለው ይመጣሉ፤ ሸክሙ የበዛባት አንዷ በሩን ትስትና ደፉ ላይ ዱብ ትላለች፤ ትንሽ ተንፈስ ብላ በእግሯ ትገባለች። ይኸው ነው። ይህን መሥሪያ ቤት ውስጥ ብናገር ያሳፍረኛል። «ለገቢ» ማለት ግን አያሳፍርም።

የሚያሳፍረው ለምን እንደሆነም አስቤበታለሁ። የከተማችን ስም ሰው ጆሮ የሚደርሰው ከችግር ጋር ተያይዞ ነው። ጥቅምት 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከጎረቤታችን ከኮረም ያሳየው ረሃብ የእኛም ነበር። መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃልኪዳን» ተባለ። መልካም ሐሳብ ነው፤ ስሙ ግን ተጣብቆብናል። ከሰቆጣ ነኝ ስትል ሰው ፊቱን ያከብድልሃል፤ አዝኖልህ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የእንዲህ ያለ ከተማ ሰው ንብ እያየ ሲስቅ ቢገኝ ነውር ይመስላል።

ክሱን ሙሉ በሙሉ አልክድም። እኔ ደመወዝተኛ ነኝ፤ ጎረቤቴ የሴፍቲኔት ተራ ይጠብቃል፤ የእኔ ስኳር ዓይኑን ቢወጋው አልፈርድበትም። ግን ይኸው ጎረቤቴ ነሐሴ 16 ሲደርስ ምን ያደርጋል? የልጃገረዶች በዓል ሻደይ ነውና ለሴት ልጁ ጨሌ ይገዛል፣ ጸጉሯን ሹሩባ ያሠራል፣ ከተበደረም ተበድሮ አዲስ ቀሚስ ያለብሳታል። ልጅቱ ረጅሙን ሣር ወገቧ ላይ አስራ ከእኩዮቿ ጋር ስትጨፍር «በምን ጉዳይ?» የሚላት የለም። ደስታ ያለ ምክንያት እንደሚፈቀድ ዋግ ድሮም ያውቃል። የተፈቀደው ግን በዓመት አንድ ሳምንት ነው፣ ያውም ላላገባች። ባለቤቴ ሻደይ ለመጨረሻ ጊዜ የታጠቀችው በተጋባንበት ዓመት ነው።

ላሊበላ የመሄድ ሐሳብ የመጣው በዓልም ምክንያትም ሳንጠብቅ ደስ ይበለን ከሚል ነው። ጥር መጨረሻ፣ ገናውና ጥምቀቱ አልፎ፣ ተማሪዎች ፈተና ጨርሰው፣ መንገዱም ደኅና ነው ሲባል በአባዱላ ተሳፈርን። 130 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ቢልባላ ስንደርስ ቅንድባችን አቧራ ለብሶ እርስ በርስ እየተያየን ሳቅን።

ሆቴሉ ውስጥ ልጁ የእንግዳ መመዝገቢያውን ቅጽ አወጣና ስም፣ ዕድሜ፣ የመጡበት ቦታ እያለ ሞላ። «የመጡበት ምክንያት» የሚለው ላይ ሲደርስ ሳይጠይቀን «ሥራ» ብሎ ጻፈ።

«መዝናናት በልልኝ» አለች ባለቤቴ።

ቀና ብሎ አየን። «ከሰቆጣ?» አለ። ከዚያ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን፤ ሰርዞ ጻፈው።

ባለቤቴ ሻወር ገባች። ሃያ ደቂቃ ቆየች፤ ግማሽ ሰዓት ሆነ። ደጋግሜ በሩ ጋ ሄድኩ። አርባ ደቂቃ ሲሆን በእንፋሎት ተሸፍና ብቅ አለችና «እኮ አያልቅም!» አለችኝ። ውሃ በጀሪካን ለሚለካ ቤት የዚህን ቃል ትርጉም ማብራራት አያስፈልግም። ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ ለእኔ የሆቴሉ ሒሳብ እዚያ ላይ ተከፍሎ አልቋል።

ማታ ቤን አበባ ወጣን። አንዲት ስኮትላንዳዊት ከኢትዮጵያዊ ሸሪኳ ጋር ሆና ገደል አፋፍ ላይ ያሠራችው ምግብ ቤት ነው፤ «ቤን» በእነሱ ዘንድ ተራራ ማለት ሲሆን አበባው የእኛው ነው። ደረጃው እየተጠማዘዘ ወደ ክብ ክብ ሰገነቶች ያወጣል፤ ሕንፃው ከሩቅ ሲታይ ምን እንደሚመስል እስካሁን አልወሰንኩም። ከታች ሸለቆው በጭጋግ ሰማያዊ ሆኖ ይዘረጋል። ከእኛ ሌላ የተያዙት ጠረጴዛዎች ሁለት ብቻ ነበሩ። ከኮሮናና ከጦርነቱ ወዲህ ላሊበላ ፈረንጅ እንደራቃት ሰምቼ ነበር፤ ባዶ ወንበር ላይ ዓይኔን ስጥል ግን ሌላ ነገር ታየኝ። እዚህ ሁሉም ከባሕር ማዶ የሚመጣ እንግዳ ይጠብቃል። እኛ ደግሞ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ተቀምጠን ቦታው የእኛ አይመስለንም፤ ወይ ለቅዳሴ፣ ወይ ለስብሰባ ካልሆነ። የሆቴል ባለቤቶች በዚህ በኩል ቢያስቡበት አይከስሩም፦ ለአስተማሪ፣ ለነርስ፣ ለወረዳ ሠራተኛ የሚሆን የዕረፍት ወር ዋጋ ቢያወጡ ከዋግም ከወሎም የሚመጣ አይጠፋም።

ከጎናችን ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ጨዋ ሰው ነበሩ። ከየት እንደመጣን ጠየቁን፤ ነገርናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አሁንስ እንዴት ናችሁ? ድርቁ?» አሉ። ባለቤቴ «ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና ሁለተኛ ማኪያቶ አዘዘች።

ቅዳሜ ገበያ ነው። እሷ ሰቆጣ የማይገኝ ቀላ ያለ ወይን ጠጅ ክር አግኝታ አራት ጥቅል ገዛች፤ በዚህ ጊዜ ምንም አልደበቀችም፣ እኔን አስያዘችኝ። እኔ ማር ሻጮቹ ጋ አንድ በአንድ እየቀመስኩ ዞርኩ። የእኛ እንደሚበልጥ አረጋግጬ ምንም ሳልገዛ ተመለስኩ።

እሑድ ጠዋት ቤተ ጊዮርጊስ አስቀደስን። ዐለቱ ውስጥ ለውስጥ ወርደን ነጠላ ከለበሰው ሰው ጋር ስንቆም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀለል አለኝ፤ የሆነ ዕዳ የከፈልኩ ያህል። ስንወጣ ባለቤቴ «ለእማማ ይሄን እንነግራቸዋለን» አለች።

«ለዚህ አይደል የሄድነው እንድንል?»

«አስቀድሰን የለም? ምኑ ነው ውሸቱ?»

መልስ አልነበረኝም። ለእማማ እምነትና አንድ መቁጠሪያ ገዛን።

ማታ ስንደርስ እማማ ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። መቁጠሪያውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሙት፣ ግንባራቸውን አስነኩት፤ እምነቱንም ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት። ከዚያ ባለቤቴን ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው «ስለት እንደነበረ አውቄ ነበር፤ ለሰው አልናገርም» አሏት።

ደብተሩ ላይ የሁለቱ ቀን ወጪ «ልዩ ልዩ» ውስጥ አልበቃ ብሎ ወደ ዕድር ቦታ ገብቷል። የሚመጣው ዓመት ዕረፍት ላይ ባሕር ዳር ለመሄድ አስበናል። ለእማማ ምን እንደምንላቸው ገና አልተስማማንም።