የአያቶቻችን ውለታ

ስለ ብቸናና ስለ ሞጣ አገር ትምህርት ሲነሣ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሐዲስ አለማየሁ የተማሩበት የዲማ ጊዮርጊስ መምህራን ይመሰገናሉ፤ ይገባልም። ነገር ግን አኮፋዳ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለሚለምነው ተማሪ እንጀራ ያወጡለት እነማን ናቸው? አያቶቻችን አይደሉምን?

ሴት ከማጉረስ አልፋ አታስተምርም የሚል ቢኖር፣ የጎጃሟን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ያስታውስ፤ ዓይነ ስውር ሳሉ ከአባታቸው የተማሩትን ቅኔ ለብዙ ወንዶች አስተምረዋል።

ረዥም ዕድሜያቸውን በጾምና በጸሎት የፈጸሙት የሞጣዋ አያቴም ፊደል ሳይቆጥሩ ውዳሴ ማርያምን በቃላቸው ይደግሙ ነበር። ስለ አገራቸው የሚያውቁት ግን ሳይጻፍ አብሯቸው ተቀበረ።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በክረምት ወደ ቤታችን ስንገባ ደብተር ይዘን ከአያቶቻችን ምድጃ አጠገብ እንቀመጥ። ለተዝካር ከመደገስ በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ይበልጣል።