ቁልፉን ይዞ የተኛው ባልደረባችን

ጋዜጣው ማተሚያ ቤት ሊገባ ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። በጋራ ሰርቨራችን ላይ ያለውን የፊት ገጽ ልከፍት ስል ኮምፒውተሩ «ፋይሉ በሌላ ሰው ተይዟል» አለኝ። የያዘው ባልደረባችን ላፕቶፑን ከድኖ ራት ሊበላ ወጥቷል፤ ስልኩም አይነሳም። ምን ይደረግ? አንዷ ብልህ ነኝ ባይ (እኔው ነኝ) የመቆለፊያዋን ትንሽ ፋይል ፈልጌ አጠፋሁና ሥራው ቀጠለ። ሰውየው ተመልሶ ላፕቶፑን ሲከፍት፣ የሱ ፕሮግራም ቁልፉ አሁንም በእጁ ያለ መስሎት የድሮውን ገጽ በአዲሱ ላይ ሴቭ አደረገው። የታተመው የትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ።

የጋዜጠኝነት ተመራቂ የኮምፒውተር ቁልፍ ምን አገባት ለምትሉ፣ ከዚያ ሌሊት ወዲህ አግብቶኛል። ሳነብ ከርሜ የደረስኩበት ነገር ቢኖር፣ ትልልቆቹ መሐንዲሶችም የሚከራከሩት በዚሁ ጥያቄ መሆኑን ነው፦ ቁልፍ የያዘው ዝም ሲል ሞቷል ወይስ ተኝቷል?

ሊኑክስን እንውሰድ። ስልካችሁ አንድሮይድ ከሆነ ኪሳችሁ ውስጥ አለ። ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ዳታ ሲጋሩ ቁልፋቸው በጋራ ሚሞሪያቸው ላይ የተቀመጠች አንዲት ቁጥር ናት። ነፃ ከሆነች የመጣው ፕሮግራም መለያውን ጽፎባት ይገባል፤ ከርነሉ፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ወሬውንም አይሰማ። የሚጠራው ሌላው መጥቶ ተይዛ ሲያገኛት ብቻ ነው፦ «አስተኛኝ፣ ስትለቀቅ ቀስቅሰኝ»። ፊውቴክስ ይሉታል፤ ፈጣን ነው። ግን ከርነሉ ማን ምን እንደያዘ ስለማያውቅ፣ ባለቁልፉ ድንገት ቢሞት የተኙትን የሚቀሰቅስ የለም።

መላው በ2006 (እ.ኤ.አ.) በሊኑክስ 2.6.17 መጣ፤ ኢንጎ ሞልናርና ባልደረቦቹ ናቸው ያመጡት። ፕሮግራሙ የያዛቸውን ቁልፎች ዝርዝር በራሱ ሚሞሪ ይይዝና ቦታውን ለከርነሉ አንዴ ይነግረዋል። ሲሞት ከርነሉ በዝርዝሩ እየሄደ በየቁልፉ ላይ «ባለቤቱ ሞቷል» የሚል ምልክት ያደርጋል፤ ከጠባቂዎቹም አንዱን ይቀሰቅሳል። እኔን ደስ የሚለኝ ጥርጣሬው ነው። ዝርዝሩ በሟቹ እጅ የተጻፈ ስለሆነ ከርነሉ አያምነውም፤ ተበላሽቶ ቢገኝና መጨረሻ ቢያጣ ሲዞር እንዳይኖር 2048 ላይ ያቆማል።

የተቀሰቀሰው ታዲያ የሚወርሰው ቁልፉን ብቻ አይደለም። ሟቹ ከአንዱ ሒሳብ ብር ቀንሶ በሌላው ላይ ሳይደምር ሄዶ ይሆናል። ወራሹ ዳታውን አስተካክሎ «አሁን ደህና ነው» ማለት አለበት። (ሳያዩ የሚሉ ፕሮግራመሮች አሉ፤ ቤቱን ሳያይ ፈርሞ እንደሚረከብ ተከራይ።) ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ደግሞ ካልጠየቁት አይሰጥም፤ ተራው ቁልፍ ዛሬም ባለቤቱ ሲሞት እንደተቆለፈ ይቀራል። ፕሮግራሞች ለሚጋሩት ቁልፍ እንኳ ነገሩ ተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት ባይ ነኝ።

እስካሁን ያወራነው ስለ አንድ ማሽን ነው፤ እዚያ ከርነሉ ሞትን በዓይኑ ያያል። ማሽኖቹ ሲበዙስ? መስመር የተቋረጠበትና የሞተ ማሽን ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። ብዙዎች ሰዓት ይቆጥራሉ፦ ቁልፉን ለ30 ሰከንድ መስጠት፣ ካላደሰ መንጠቅ። ይሄ እኮ እኔ ያን ሌሊት ያደረግሁት ነው! ማርቲን ክሌፕማን በ2016 ሬድሎክ የተባለውን የሬዲስ ቁልፍ የተቸው በዚሁ ነበር፤ ደርቆ የቆየ ፕሮግራም ሲነቃ ጊዜው ማለፉን ሳያውቅ ይጽፋል። የሬዲስ ፈጣሪ ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ መልስ ሰጥቶታል፤ እኔ ግን ከክሌፕማን ጋር ነኝ። ለእያንዳንዱ ቁልፍ እያደገ የሚሄድ ቁጥር ስጡ፣ ዳታውን የሚያስቀምጠውም ያረጀ ቁጥር ይዞ የመጣውን ይመልስ ነው የሚለው።

ሊኑክስ ውስጥ ያለው የብዙ ማሽኖች ቁልፍ አስተዳዳሪ፣ ዲኤልኤም፣ ደግሞ ጨከን ይላል። ቁልፎቹን ከርነሉ ይይዛል፤ ማን አባል ነው፣ ማን ወጣ የሚለውን ግን ከከርነሉ ውጭ ያለ ፕሮግራም ይነግረዋል። ዝም ያለው ማሽን መገለሉ፣ ብዙ ጊዜም ኤሌክትሪኩ መጥፋቱ፣ ሳይረጋገጥ ቁልፉ ለሌላ አይሰጥም። ማጥፋቱ ካልተሳካ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። ሰው የሚማረረውም በዚህ ነው፤ እኔ ግን የተሳሳተ ገጽ ከማተም ዘግይቼ ባትም እመርጣለሁ።

የባልደረባችን የኔትወርክ ገመድ ያን ሌሊት ከጠረጴዛው ሥር፣ ከእግሬ አጠገብ ነበር። ቁልፉን ከማጥፋቴ በፊት እሱን መንቀል አልታየኝም።