ለመሆኑ ይህ ሜዳሊያ የማን ነው?

ፖስታ ቤት አካባቢ፣ በቸርችል ጎዳና ወደሚገኙት የስጦታ ዕቃ መደብሮች ጎራ በሉና መስታወቱን አተኩራችሁ እዩ። ከማርትሬዛ ብርና ከአንገት መስቀል መሀል የወታደር ሜዳሊያ አይጠፋም። የአርበኛ፣ የስደተኛ፣ የኮሪያ ዘማች… እንደ ዕድላችሁ ነው። ባለሱቁን “የማን ነበር?” ብላችሁ ጠይቁት። “ኦሪጅናል ነው!” ይላችኋል። ኧረ ወንድሜ፣ የጠየቅንህ የማን እንደነበረ ነው! እሱን አያውቅም። ያመጣለት ደላላም አያውቅም። መንግሥትማ… ተዉት!

እስቲ እንግሊዝን እንይ። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ግምጃ ቤቱን ዘርፎ በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ሄደ። ለዚሁ ዘመቻም ወደ 14 ሺህ ሜዳሊያ አሠራ። ፊቱ ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ፣ ዙሪያዋን ዘጠኝ ጫፍ ያለው ኮከብ፣ በጫፎቹ መሀል ደግሞ “አቢሲኒያ” የሚሉት ዘጠኝ የላቲን ፊደላት አሉ። ጀርባውስ? የተሸላሚው ስም ከነክፍሉ! ተራው ወታደር እንኳ አልቀረም። ዛሬ አንድ ሰብሳቢ ያንን ሜዳሊያ ሲገዛ የሚገዛው ብሩን ሳይሆን ሰውየውን ነው። መዝገብ ያገላብጣል፣ የት እንደዘመተ ያገኛል። የዘራፊው የልጅ ልጅ አያቱን ያውቃል ማለት ነው።

የእኛውን ገልብጡትና እዩ። አብዛኛው ስም የለውም። ቢኖረው የሠሪው ነው፤ የለንደኑ ማፒን ኤንድ ዌብ ወይም የአዲስ አበባው አርመናዊ ጌጥ ሠሪ ሴቫጅያን። ጌጥ ሠሪው ታወቀ፣ ደሙን ያፈሰሰው ሳይታወቅ ቀረ! የባለቤቱ ስም የሚገኘው፣ ከተገኘ፣ በምስክር ወረቀቱና በፎቶግራፉ ነው። ወረቀት ደግሞ አይሸጥም ተብሎ ምድጃ ይገባል።

የኮሪያው ሜዳሊያ ይብሳል። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከ3 ሺህ በላይ የቃኘው ወታደሮች ለጦርነቱ ተሰለፉ። ከ120 በላይ ወደቁ፤ አንድም አልተማረከም። የተባበሩት መንግሥታት የሰጣቸው የነሐስ ሜዳሊያ ጽሑፉ በአማርኛ ነው፤ ጥብጣቡም ሰማያዊና ነጭ መስመር የተፈራረቀበት። የውጭ ሰብሳቢዎች “የአማርኛው” እያሉ ለይተው ይፈልጉታል። እኛ ዘንድ ግን ደርግ የፒዮንግያንግ ወዳጅ ሲሆን ያ ሜዳሊያ ሳጥን ሥር ገባ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ደግሞ ደረቱን በሜዳሊያ ያስጌጠው ሁሉ ለማኝ ተደርጎ ታየ። ልጅ ቢሸጠው ምን ይፈረድበታል? ቹንቾን ከተማ በ1999 ዓ.ም. ለእነዚሁ ሰዎች የመታሰቢያ አዳራሽ ከፍታለች። ኮሪያዊው ያከበረውን እኛ ከመስታወት ሥር እንቸረችራለን!

እዚህ ላይ “ፈረንጅ ቅርሳችንን ጨረሰው” የሚል ጩኸት እንደሚነሳ አውቃለሁ። ይህ ጸሐፊ በዚህ አይስማማም። የገዛውን ሜዳሊያ የማን እንደነበረ ጠይቆ የሚጽፍ ፈረንጅ፣ ሳይጠይቅ ከሚሸጥ ወገኔ ይሻለኛል! የእኛ ነጋዴ የሚያውቀው ሎሚና አመድ ነው። የ80 ዓመት ወዙን ገፎ ያብለጨልጨዋል፤ ያኔ ከትናንቱ ቅጂ በምን ይለያል? ቅጂ ደግሞ ሞልቷል። ፊደሉ የደበዘዘ፣ ገጹ በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳሳ ከሆነ በሻጋታ የተቀዳ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። የብር ኖት በሚፈተሽበት መብራት ሥር ጥብጣቡ ቦግ ካለም አዲስ ጨርቅ ሳይሆን አይቀርም።

ስም የተጻፈበት ዕቃ አንድ ቀን ይመለሳል። በ2016 ዓ.ም. ኒውካስል ውስጥ ለጨረታ የቀረበውን የመቅደላ ጋሻ አስታውሱ። የቦታው ስምና ቀኑ ተጽፎበት ስለነበር የት እንደተዘረፈ ማንም ሊክድ አልቻለም። ከጨረታው ወጣ፣ በ2017 ዓ.ም. አገሩ ገባ። የጻፈበት ማን ነው? ያው የነጠቀን ወገን!

እንግዲህ የቅርስ ባለሥልጣንንና የመከላከያ ሚኒስቴርን እንጠይቃለን። ሜዳሊያ ለማን፣ መቼ፣ በምን ጀብዱ እንደተሰጠ የሚያሳየው መዝገብ የት ነው? ካለ ለምን ለሕዝብ አይከፈትም? ከሌለስ በሕይወት ያሉት ጥቂት የኮሪያ ዘማቾች ሳያልፉ በየቤታቸው ሄዶ ሜዳሊያቸውን ፎቶ ማንሳትና ስማቸውን መጻፍ ስንት ስብሰባ ይፈልጋል? የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ከወጣ ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ክረምት አልፏል። ለዚህ ሥራ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። በጀት የለም ከተባለ እኛ አንባቢዎች እናዋጣለን፤ ደብተሩን የት እናድርስ?