የሌዘሩ ሒሳብ ተከፈለ፤ እግሩን ማን ይከታተለው?

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ኑሮ የሚገፋው በእግር ነው። በጨርቃ ጨርቅ ማሽን አጠገብ ፈረቃዋን ሙሉ የምትቆመው ወጣት፣ አበባ ማሸጊያ ጠረጴዛ ፊት የምትውለው እናት፣ ሰሌዳ ፊት የሚውለው መምህር፣ የፋብሪካ በር ላይ ቆሞ የሚያነጋው ጥበቃ ሁሉም ደመወዛቸውን የሚያገኙት ቆመው ነው። ዋጋውንም እግር ይከፍላል። ደም ወደ ልብ ሲመለስ ወደ ታች እንዳይንሸራተት የሚይዙት ቫልቮች ይላላሉ፣ ደሙ እግር ላይ ይጠራቀማል፣ ደም ሥሩ ያብጣል፣ ይጠማዘዛል። ሐኪሞች ቫሪኮስ ቬን ይሉታል። በዘርና በእርግዝናም ይመጣል፤ ቆሞ መዋል ደግሞ ያባብሰዋል።

ለዚህ ሕመም መፍትሔ አለ። ደም ሥሩ በሌዘር ሙቀት ይዘጋል፣ ወይም መድኃኒት ተወግቶ ይደፈናል፣ ወይም በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ዕቁብ ወጥቶ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ አዲስ አበባ ተሂዶ ይሠራል። ታካሚዋም ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ነውሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ከወር በኋላ እግሯ ሲደነዝዝ፣ ሲከብዳት፣ ማታ ማታ ሲያብጥ የምትሰማው መልስ አንድ ነው፤ «እኛ ጨርሰናል፣ ይለቅሻል»።

ይለቃት ይሆናል። ግን ምኑ ነው የሚለቃት? ከሕክምና በኋላ የሚቀር ስሜት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። መበለዝና በጭኑ ውስጥ እንደ ገመድ መወጠር የሚጠበቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ከደም ሥሩ አጠገብ የሚያልፈው ነርቭ ከተነካ የቅልጥሙ የውስጥ ጎን ይደነዝዛል፤ ይህ ወራት ሊወስድ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ላይለቅ ይችላል። መድኃኒት የተወጋበት ቆዳ ለወራት ጠቁሮ ሊቆይ ይችላል። አንድ እግር ብቻ በድንገት ሲያብጥና ባቱ ሲያም ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በጥልቁ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። ትንፋሽ ያጠራት፣ ደረቷን የወጋት ሴት «ይለቅሻል» ተብላ የምትሸኝ አይደለችም፤ በዚያች ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለባት።

ይህን ልዩነት ያልተነገራት ሴት ምን ታድርግ? ያበጠ እግሯን ወጌሻ ዘንድ ወስዳ ታሳሻለች። ደም ረግቶ ከሆነ ደግሞ ማሸት ሞትን መጎርጎር ነው። ጥፋቱን በወጌሻው ላይ ማላከክ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ያልነገራት ግን ገንዘቧን የተቀበለው ነው።

ሌላም አለ። ሕመሙ ያልለቀቀው መጀመሪያውኑ ምርመራው ስላልተሟላ ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ከሕክምናው በፊት የደሙ ፍሰት በአልትራሳውንድ እንዲታይ፣ ታካሚውም ደም ሥሩ እንደገና ሊያብጥ እንደሚችል እንዲነገረው ይጠይቃል። እኛ አገር ደግሞ የሚያብጥ እግር ሁሉ የደም ሥር ችግር የለበትም። በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ እግርን ያሳብጣል፤ የዚያ መድኃኒቱ ግን ሌዘር ሳይሆን ንጽሕናና ጫማ ነው። ሳይመረምሩ ማከም የድሃን ገንዘብ መብላት ነው።

«ታካሚዎቹ ራሳቸው በቀጠሮ አይመጡም» የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። እውነትነት አለው። ግን ለምን አይመጡም? ከሰበታ በጅማ መንገድ፣ ከቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ከሱሉልታ በእንጦጦ በኩል አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ቀን ሙሉ ይበላል፤ የቀረ ቀን ደግሞ ከደመወዝ ይቆረጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ፣ የመጨረሻው ሦስት ወር ያለ ክፍያ። ለዚህ ግን የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል። «ጨርሰናል» ያለ ክሊኒክ ምን ብሎ ይጻፍላት? ስለዚህ ትቆማለች። በታከመው እግሯ ላይ፣ በዚያው ማሽን ፊት።

መድኑም አልደረሰላትም። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 የወጣው ለደመወዝተኛው ነበር፤ ከወጣ በኋላ ግን ተግባራዊነቱ ለረጅም ዓመታት ሲገፋ ኖረ። ማኅበረሰብ አቀፉ መድን ደግሞ የተቀረጸው ለገበሬውና መደበኛ ቅጥር ለሌለው ነው። የፋብሪካ ሠራተኛዋ በሁለቱ መሐል ወድቃለች።

የሚጠየቀው ከባድ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ የክትትል ምርመራው በዋጋው ውስጥ ይካተት፤ ለብቻው የሚከፈልበት ትርፍ ነገር አይሁን። ሁለተኛ፣ ታካሚ ከክሊኒክ ሲወጣ በሚያነበው ቋንቋ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ የተጻፈ ወረቀት ይሰጠው፤ የሚጠበቀው ምንድን ነው፣ አደገኛው ምንድን ነው፣ ካልሲው ስንት ቀን ይደረጋል፣ ማን ዘንድ ይደወላል። ሦስተኛ፣ ከተሞቹ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሸገር ከተማ በሚል ስም አንድ ላይ ከተዋቀሩ የጤና ጣቢያዎቻቸውም የደም መርጋትን ለይተው ቶሎ ሪፈር የሚያደርጉ ይሁኑ። አራተኛ፣ አሠሪው ወንበር ያቅርብ፤ በየሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ መቀመጥና መንቀሳቀስ ምርትን አይገድልም።

የመጨረሻው መከራከሪያ «ቫሪኮስ የውበት ጉዳይ ነው፣ የሚገድል አይደለም» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ቆሞ ለሚያድር እግር ሥራ ማለት ነው፤ ሥራ ደግሞ የልጆች እንጀራ ነው። በእግሯ ሠርታ የከፈለችን ሴት እግሯ ሲያማት ፊት መንሳት ሕክምና ሊባል አይችልም።